ትከሻ ላይ ያረፈ እጅ

ካርማክ ፎልስ፣ ኦንታሪዮ
ኖቬምበር 9 ቀን 1986

ይድረስ ለተከበሩ ወይዘሮ ብራይድ ፒትማን፣

ደብዳቤዎ ሰኞ ዕለት ደረሰኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ጤናዬ ለጠየቁኝ፣ ጉልበቴ በረዶ ሊጥል ሲል አስቀድሞ ይነግረኛል፣ አፍንጫዬም ወደ ግራ እንደዞረ ቀርቷል፤ ከዚህ ሌላ የሚያስከፋ ነገር የለኝም።

አዎ፣ አምብሮዝ በሰላም ገብቷል። ምግብ ይበላል ወይ ላሉት፣ ቤት ያከራየችው ሴትዮ ጓዳዋን መቆለፍ ጀምራለች። ካፖርትም አለው፣ ግን አይለብሰውም። "አሠልጣኝ፣ እኛ አገር ይኼ ብርድ አይባልም፤ ነፋሻ ነው የሚባለው" ይለኛል፣ ጆሮው ቲማቲም መስሎ። ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ግን ልመሰክር አልችልም፤ እሑድ ጠዋት እኔ ራሴ እንቅልፍ ላይ ነኝ።

ልጅዎ ከማን እጅ እንደገባ ማወቅዎ ተገቢ ነው። የሳስካችዋን የስንዴ ገበሬ ልጅ ነኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የበረዶ ሆኪ ተጫውቼ ኖርኩ፤ ግማሹን በቅጣት ክፍል ተቀምጬ አሳለፍኩት ቢባል ማጋነን አይደለም። ጎል ማግባት አልተሰጠኝም። የእኔ ሥራ የቡድኔን ልጅ የገፋውን ሰው ጓንቴን ጥዬ መምታት ነበር። አሁን ማሠልጠን ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ቆሞ ማየት ከመመታት እንደሚብስ ግን ማንም አልነገረኝም። ጨዋታው አልቆ ሕዝቡ ቤቱ ከገባ በኋላም እግሬ አላርፍ ይለኛል።

አምብሮዝ ጥሩ ተከላካይ ነው፤ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ከብዙዎቹ ይፈጥናል። የትልቁ ሊግ ሰዎችም ዓይናቸውን ጥለውበታል። ስለ ሌላው ጥያቄዎ በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ ወረቀቴ አለቀ።

አክባሪዎ፣
ኦረስት ኩዝያክ


ጋነት ኮቭ፣ ኒውፋውንድላንድ
ኖቬምበር 27 ቀን 1986

ለአቶ ኦረስት ኩዝያክ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ደህና ነን። እኛ የምለው እኔና ውሻውን ነው።

"ወረቀቴ አለቀ" ያሉበት ገጽ ከታች አራት ጣት ያህል ባዶ ነበር። እኔ የዓሣ አጥማጅ ሚስት ነበርኩ፤ መረብ ውስጥ ያልገባውንም እቆጥራለሁ። ስለዚህ የዘለሉትን ጥያቄ እደግመዋለሁ፦ ልጄን ለድብድብ ይልኩታል ወይ?

ምንም የማላውቅ እንዳልመስልዎ። ባሌ ሊያንደር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ "ዝም በይ፣ ተጀመረ" ይለኝ ነበር። ከሱ ጋር ከተጋባን ጀምሮ ሆኪ ስሰማ ኖሬአለሁ። አሠልጣኝ "ሂድና ደብድብ" ብሎ እንደማይናገር አውቃለሁ። ከኋላ መጥቶ ትከሻ ይነካል፤ በቃ። የተነካው ልጅ አጥሩን ዘሎ በረዶው ላይ ይገባል፣ ጓንቱን ይጥላል። በኋላ ጠያቂ ሲመጣ አሠልጣኙ ምን አለ? ምንም አላለም። እንደ ሕፃን ንጹሕ ነው።

አይደባደብ አላልኩም። የአባቱ ክንድ አለው፤ ሰውም ለዚያ እንደሚከፍለው አውቃለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ተናደው ሳሉ እንዳይነኩት። አባቱን ባሕር ወስዶብኛል፤ ከሱ በቀር ልጅ የለኝም።

የጨው ዓሣና የሱፍ ካልሲ ልኬያለሁ። ትልቁ ካልሲ የእርስዎ ነው። ልኩን አምብሮዝ ነው የነገረኝ፤ "እንደ ጀልባ ነው እግሩ" ብሎ።

ብራይድ ፒትማን


ካርማክ ፎልስ
ጃንዋሪ 18 ቀን 1987

ለተከበሩ ወይዘሮ ብራይድ፣

ከእኔ አፍ ሳይሰሙ ከሬዲዮ በመስማትዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሦስት ጊዜ ወረቀት ይዤ ተቀምጬ ሦስቱንም ጊዜ ተነሣሁ። ቴሌግራምዎ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ እየዞርኩ መጥቼ አየዋለሁ። አንዲት ጥያቄ ናት ያለችበት፣ መልሷም አንድ ቃል ነው፤ አዎ፣ ነካሁት።

ተናድጄ ግን አልነበረም። አምብሮዝ ኳሷን አሳልፎ ሰጥቶ ጎል ገብቶብን ነበር። ወንበሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እንዲህ ስቀመጥ የነበርኩት እኔ ነበርኩ፤ ከኋላው ቆሜ ሳየው አንጀቴን በላው። እጄን ትከሻው ላይ ያሳረፍኩት አይዞህ ለማለት ነው። አፌ አይዞህ ማለት አልለመደም፤ እኔንም አይዞህ ያለኝ አሠልጣኝ አልነበረም። የተነካሁት ስላክ ብቻ ነው። እጄን ሳላነሣ ልጁ አጥሩን ዘልሎ ሄዷል። "አምብሮዝ! ተመለስ!" ብዬ ጮህኩ፤ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ማን ይሰማኛል? የቀረውን ሰምተዋል፤ አልደግመውም።

ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ሦስት ጎል አገቡ። የቡድኑ ባለቤት ልብስ መቀየሪያው ድረስ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ፤ "ጨዋታውን የገለበጥከው አንተ ነህ" አለኝ። የጨበጠው ያችኑ እጅ ነው።

ጉንጩ ተሰብሯል፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ግራ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል፤ እብጠቱ ሲጎድል ይታያል ብለውናል። ሆስፒታል ስገባ ባልተመታው ጎኑ ፈገግ ሊል እየሞከረ "እንዴት ነበርኩ፣ አሠልጣኝ?" አለኝ። "ማን ላከህ?" ልለው ነበር። "ጎበዝ ነበርክ" አልኩት።

አክባሪዎ፣
ኦረስት


ጋነት ኮቭ
ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1987

ኦረስት ኩዝያክ፣

ከዛሬ ጀምሮ አንተ እልሃለሁ። አንቱታው ካልሲውን ከመላኬ በፊት ቢቀር ይሻል ነበር።

እጄ ነው እንጂ ልቤ አይደለም ትለኛለህ። እጅ ባለቤት የለውም እንዴ? ላንተ አይዞህ ማለት መሆኑን ልጄ በምን ይወቅ? ሌላው ይቅር፣ አንተ ራስህ በዚህ አጥንትህ ተሰብሮ ያደግህ ሰው ነህ። ድመት እንኳ አንዴ የለበለባትን ምድጃ ታውቃለች።

ይኸው ተናግሬ ወጣልኝ። አሁን ወደ ሥራ እንግባ። አምብሮዝ "ዓይኔ ተከፍቷል፣ እንደ ጭልፊት ነው የማየው፣ ሐኪሙም ፈርሞልኛል" ብሎ ጽፎልኛል። ማርች ላይ የጥሎ ማለፉ ጨዋታ ይጀመራል፤ የትልቁ ሊግ ሰዎች የሚመጡትም ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ አጫውተው። ደህንነቱን የፈራህ መስለህ ከተመልካች ጋር እንዳታስቀምጠው። ልጄን ሰው ሲጫወት ቁጭ ብሎ እንዲያይ አላሳደግሁትም። ይኼ ዓመት ካለፈው ሁለተኛ የሚጠራው የለም፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው።

አንዴ ሰብረኸዋል። አሁን ደግሞ ደብቀህ አትስበረው።

ብራይድ


ካርማክ ፎልስ
ማርች 15 ቀን 1987

ለተከበሩ ወይዘሮ ብራይድ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? የወደቡ በረዶ ተሰብሮላችኋል? እዚህ ወንዙ ገና እንደ ድንጋይ ነው፤ የወረቀት ፋብሪካው ጭስም ከተማው ላይ እንደተኛ ነው። ውሻው ደህና ነው? አምብሮዝ ጆሮው መስማት እንደተወ ነግሮኛል። ካልሲውን በየጨዋታው አደርገዋለሁ፤ ልጆቹ "አሠልጣኝ፣ አንተ በግ ነህ ወይስ ሰው?" እያሉ ይስቁብኛል።

ይኸው ደግሞ ወረቀት እያባከንኩ ነው። ለምን አላጫወትከውም ብለው በሁለት ደብዳቤ ጠየቁኝ፣ እኔም ጉንጩ አልጠናም ብዬ በሁለት ደብዳቤ ሸነገልኩዎ። ጉንጩ ጠንቷል። እውነቱን ያልነገርኩዎ ለሱ ስለማልኩለት ነው። ዛሬ መሐላዬን አፈርሳለሁ።

ሐኪሙ የፈረመለት እውነት ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፊደል ሰሌዳ በግራ ዓይኑ እስከ መጨረሻው መሥመር አንብቦለታል። ወረቀቱን ሳይ ደስ አለኝ፤ ግን ሆዴ እምቢ አለ። ልምምድ ላይ ከግራ የመጣችለትን ኳስ ሁሉ ይስታል። እኔም በልጅነቴ ዓይኔ አብጦ ሳለ፣ ቀድመውኝ የገቡት ሲያነቡ ከበሩ ውጭ ቆሜ ሰሌዳውን በቃሌ አጥንቼ አልፌያለሁ። እዚህ ሙያ ውስጥ ይህን ያላደረገ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ተቀይሮ ሌላ እንዲሰቀል ሐኪሙን ለመንኩትና አምብሮዝን ይዤው ገባሁ። ቀኝ ዓይኑን ሸፍኖ፣ ደረቱን ነፍቶ አነበበ፤ ያነበበው የወረደውን ሰሌዳ ነው፣ አንድም ፊደል ሳይስት።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። አምብሮዝም ዝምታችንን ሲሰማ ገባው። "ለእናቴ አትንገራት" አለኝ። "ማል!" ማልኩለት።

ግራ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ወይዘሮ ብራይድ። እብጠቱ ሸፍኖት ነው እንጂ የጠፋው ያን ዕለት ነው። አይመለስም ብለዋል። ላጫውተው አልችልም። በግራው የሚመጣውን ሰው አያየውም፤ ቀኙን ቢመታ ደግሞ ዕውር ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ይራገሙኝ። ተቀምጬ አነበዋለሁ።

ኦረስት


ጋነት ኮቭ
ማርች 29 ቀን 1987

ኦረስት፣

ደብዳቤህን በቄሱ አስነበብኩት፣ ዓይኔ የተሳሳተ መስሎኝ። አልተሳሳተም።

ልቅሶውን ለራሴ አስቀርቻለሁ፤ አንተ ዘንድ አላለቅስም። ግን ስማኝ። የሊያንደር ወንድም ሳይመን አንድ ዓይኑን መንጠቆ አውጥቶበት ሃያ ዓመት ጀልባ ነድቷል፣ ዳክዬ ተኩሶ ይጥላል፤ ሚስትም ያገባው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ዓይን ለሰው ይበቃል!

አምብሮዝ ከደቡብ ያለ ቡድን ሊያስፈርመኝ ነው ብሎ ጽፎልኛል። ራንደል የሚባል አሠልጣኝ አለ፤ የሐኪሙን የመጀመሪያ ፊርማ አይቷል፣ ካንተ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈልገው። ስልክ ይደውልልሃል። ዋሽ አልልህም፤ ዋሽተህ ስለ ልጄ ሲኦል እንድትገባ አልፈልግም። ዝም በል ብቻ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። "ጎበዝ ልጅ ነው" በልና ስልኩን ዝጋው። ጎበዝ መሆኑ ውሸት አይደለም።

እዚህ ምን አለው? የዓሣ ፋብሪካው በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚሠራው። ዓሣው ራሱ ከዓመት ዓመት እያነሰ ነው። ጓደኞቹ ሄደው አልቀዋል። እዚህ ከገባ ወደቡ ላይ ቆሞ የሚውል ሰው ነው የሚሆነው፤ እንደዚህ ያሉ ሰዎች በመስኮቴ ይታዩኛል። ልጄ በረዶ ላይ ሲቆም ነው ሰው የሚሆነው። አንተ ይህን ካላወቅህ ማን ያውቃል?

እኔም "በርታ፣ እጸልይልሃለሁ፣ ሂድ" ብዬ ጽፌለታለሁ። መንገርህን አልነገርኩትም፤ ካወቀ መሄዱን ይተዋል ብዬ።

ዝም በል፣ ኦረስት። ዕዳህን በዚህ እተውልሃለሁ።

ብራይድ


ካርማክ ፎልስ
ኤፕሪል 12 ቀን 1987

ለተከበሩ ወይዘሮ ብራይድ፣

ራንደል ደወለ። እንደሚደውል ስላወቅሁ ስልኩ ካለበት ክፍል ስወጣ ስገባ ነው የሰነበትኩት። ሻንጣዬን አውጥቼ ልብስ አጣጥፌ ጨምሬ፣ ደግሞ አውጥቼ መልሼ ሰቅዬአለሁ፤ ወዴት ልሄድ እንደነበር ለራሴም አልገባኝም።

"እንግዲህ ይኼ ፒትማን የምትሉት ልጅ እንዴት ነው?" አለ። "ጎበዝ ልጅ ነው" አልኩት፤ እንዳሉኝ። "ጤናውስ?" አለ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ዝም ብል ኖሮ "ይሁን እንግዲህ" ብሎ ያስፈርመው ነበር። እኛ ሥራ ውስጥ ዝም ማለትም መላክ ነው፣ ወይዘሮ ብራይድ። አንዴ ሳልናገር ልኬዋለሁ፤ ሁለተኛ አልቻልኩም። "በግራ ዓይኑ አያይም" አልኩት። "ያሳዝናል፣ ደህና ልጅ ነበር" አለኝ። ነበር አለ፤ ልጁ ግን ከሁለት ቤት ወዲያ ራንደል የሚልክለትን ወረቀት እየጠበቀ ነበር።

አምብሮዝ ምሳ ሰዓት ላይ በሬን በእግሩ ከፍቶ ገባ።

"ማን ጠየቀህ?"

"ራንደል ጠየቀኝ።"

"ዛሬ ነው አፍ ያወጣኸው? ያን ዕለት የት ነበር አፍህ?"

"ሁለተኛው ዓይንህስ?" ብቻ አልኩት።

"የኔ ነው! የራሴ ነው ዓይኔ! ላውጣው ብል ምን አገባህ?" ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ሁሉ በእጁ ጠረገው። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አጠገቡ ቆምኩ። እጄን ላሳርፍበት ፈልጌ መለስኩት፤ የት እንደማደርገው ስለጠፋኝ ኪሴ ከተትኩት። እሱም ይህን አየ። ተነሥቶ ወጣ፤ ሰላምታም አልሰጠኝም።

ትናንት አውቶቡስ ላይ ተሳፍሯል። መርከቡ ካልዘገየ አርብ ዕለት እናንተ ዘንድ ይደርሳል። ከአፌ የወጣውን ቃል አልመልሰውም፤ ይቅርታም የምለምነው ስለሱ አይደለም።

ከጥሎ ማለፉ ወድቀናል። ለነገሩ ማን ጠየቀኝ።

ኦረስት


ካርማክ ፎልስ
ሜይ 20 ቀን 1987

ለተከበሩ ወይዘሮ ብራይድ፣

መልስ አልጠየቅሁም፣ መብትም የለኝም። አምብሮዝ መድረሱን ብቻ በባዶ ፖስታም ቢሆን ያሳውቁኝ፤ ማኅተሙን አይቼ አውቀዋለሁ።

እኔ ለሚመጣው ዓመትም ፈረምኩ። ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። ለልጆቹ "ከእንግዲህ የምፈልገውን በአፌ ነው የምናገረው፣ ትከሻ የለም" ብላቸው ሳቁብኝ። የቡድኑ ባለቤት ግን አልሳቀም። እስከ ገና የምቆይ አይመስለኝም።

ኦረስት


ጋነት ኮቭ
ጁን 21 ቀን 1987

ኦረስት ልጄ፣

ደርሷል። አርብ ሳይሆን ቅዳሜ ገባ፤ መርከቡ በጭጋግ ቆሞ። ይህን ለመጻፍ ሁለት ወር ስለፈጀብኝ አትቀየመኝ። ተናድጄብህ ነበር። አንዳንድ ቀን ጠዋት ስነሣ አሁንም ነኝ።

ስምህ በቤቱ አይጠራም። አንድ ቀን ጎረቤት ስለ ሆኪ ሲያነሣ ሾርባውን ትቶ ወጣ። ከሳይመን ጋር ጀልባ ላይ ይውላል፣ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ስለ ዓይኑ አንድ ቃል አልነገረኝም። እኔም አላወቅሁ መስዬ ሁለት ወር አብሬው ኖርኩ። "ምነው በግራህ በኩል ብቻ ትላተማለህ?" እያልኩ፣ በሩ ሲገጨው እየሳቅሁ። እንደሱ ያለ ተዋናይ ከማን እንደተወለደ አሁን ገባኝ።

ባለፈው እሑድ "ልቅዳልሽ" አለና የሻዩን ማንቆርቆሪያ አነሣ። ኩባያዬ ፊቱ ነው። የቀዳው ግን ከኩባያው ወዲህ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ። ውሃው ሲሄድ ያየዋል፤ በአንድ ዓይን ግን የኩባያውን ርቀት ልኩን አጣው። ቀና ሲያደርገውም ወዲያ አለፈ። እንደዚያ ቆመ፣ ማንቆርቆሪያውን ይዞ። ዘልዬ እጁን ይዤ ኩባያው ላይ አደረግሁለትና "በዚህ ነው፣ የኔ ልጅ፣ ትንሽ ወዲህ" አልኩት።

እንዲህ ብዬ ራሴን አጋለጥኩ። ምንም ያላወቀች ሴት "ምን ሆነህ ነው?" ነበር የምትለው።

"ማን ነገረሽ?" አለኝ።

"አሠልጣኝህ።"

"መቼ?"

ልዋሽ እችል ነበር። "ማርች ላይ" አልኩት።

ሲያሰላው አየሁት። "በርታ፣ ሂድ ብለሽ የጻፍሽልኝ ከዚያ በኋላ ነው እኮ" አለ። "አውቀሽ ነው? ዕውር መሆኔን አውቀሽ ነው ሂድ ያልሽኝ?"

አንድ ዓይን ለሰው ይበቃል ብዬ ጽፌልህ ነበር፣ ኦረስት። ለእሱ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ቀረ። ይኸው የሚበቃው ዓይን ፊቴ ቆሞ ያየኛል፤ ሻይ ጠረጴዛዬ ላይ ይንጠባጠባል። አንተን በእጅህ ስኮንን እኔ በብዕሬ ልኬው ኖሯል። "አውቄ ነው" አልኩት።

ማንቆርቆሪያውን አስቀምጦ ወጣ። በመስኮት አየሁት፣ ወደቡ ላይ ከቆሙት ጋር ሲቆም። ያን ነበር የፈራሁት። የፈሩት ይደርሳል። ጠረጴዛውን ወለወልኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ ምድጃውን ቆሰቆስኩ። ያልከኝ እግር አላርፍ የሚለው ነገር ምን እንደሆነ ያን ዕለት ቀመስኩት።

ሲመሽ ገባ። ካፖርቱን ሰቀለ፣ ተቀመጠ፣ ኩባያውን ወደኔ ገፋ። "አንቺ ቅጂልኝ" አለኝ።

ቀዳሁለት። ዓይኔ እሱ ላይ ነበርና ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ሄደ።

አምብሮዝ የፈሰሰውን አየ፣ እኔን አየ። "ሁለት ዓይን ይዘሽ!" አለኝ። ቤት ከገባ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ።

ብራይድ